ባለ እጅነትና ባለቤትነት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን የሚወስደው አውራ ጎዳና ሉማሜን ሰንጥቆ ያልፋል። የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ይህች የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ኑሮዋ የተመሠረተው በዙሪያዋ በተዘረጋው የጤፍና የስንዴ ማሳ ላይ ነው። በዚያ ማሳ በሬ ጠምዶ የሚውለው ገበሬ የሚሠራበትን መሣሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያውቀዋል። ሞፈሩን ራሱ ጠርቦታል፤ ቀንበሩን ራሱ አለስልሶታል፤ ድግሩ ቢሰነጠቅ ከማሳው ዳር ተቀምጦ ሌላ ይጠርባል፤ ምራኑ ቢላላ ያጠብቀዋል። መሣሪያው ቢሰበር ቀኑ አይሰበርበትም። ለእርሱ ባለቤትነት በእጅ የታወቀ ነገር ነው፤ ለዚህም ምስክር ወረቀት አያስፈልገውም።

ከዚያው ማሳ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ በትምህርት ቤቱና በመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ሌላ ዓይነት መሣሪያ ተቀምጧል፤ ኮምፒዩተር ነው። የገበሬው ልጅ አስተማሪ ወይም የጽሕፈት ሠራተኛ ሆኖ በዚህ መሣሪያ ፊት በተቀመጠ ጊዜ ከአባቱ ፈጽሞ የተለየ ሰው ይሆናል። መሣሪያው ሲዘገይ ይጠብቃል፤ ሲቆም ባለሙያ ይጠራል፤ ባለሙያው ካልመጣ ጨርቅ ያለብሰውና ይተወዋል። የሣጥኑ ጎን የታሰረው በሁለት ወይም በሦስት ብሎን ሲሆን፣ ብሎኑን ለመፍታት አንድ ካቻቢቴ ይበቃል። ሆኖም ያ ካቻቢቴ ከኪስ አይወጣም። አባት ሞፈሩን በመጥረቢያ ሲመታ ያልፈራውን፣ የተማረው ልጅ አንዲት ብሎን ለመፍታት ይፈራል።

ለመሆኑ ሰው ሊከፍተው የማይደፍረው መሣሪያ ባለቤት ነው ሊባል ይችላልን? መሣሪያው የግል ሳይሆን የሕዝብ ንብረት በሆነ ጊዜስ ጥያቄው ምን መልክ ይይዛል? ሊያሻሽል ሲነካ ከሚያበላሽና እንዳይጠየቅ ሳይነካ ከሚያስበላሽ ሰው በደሉ የሚከብደው የማንኛው ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ከላይ ሲታዩ የጥገና ክፍል ጉዳይ ይመስላሉ። በመሠረቱ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄዎች ናቸው፤ ሰው ለሥራው፣ ለዕውቀቱና ለጋራ ንብረቱ ያለውን ግንኙነት የሚመለከቱ ናቸውና።

ነገሩን ለመመርመር በቅድሚያ የሚከፈተው ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል። ኮምፒዩተር ሁለት ዓይነት ማኅደር አለው። አንደኛው መብራት ቢጠፋም የተጻፈበትን ጠብቆ የሚያኖረው ዲስክ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሥራው በሚሠራበት ሰዓት ብቻ የሚያገለግለው፣ በተለምዶ ራም የሚባለው ማኅደረ ትውስታ ነው። የጎጃምን ምድር ለሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ማስረዳት አያስቸግርም፤ ዲስኩ ጎተራ ነው፣ ራሙ አውድማ ነው። ጎተራው የቱንም ያህል ቢሰፋ አውድማው ጠባብ ከሆነ በሬዎቹ ይጋፋሉ፤ ነዶው በጥቂት በጥቂቱ ይመጣል፤ ውቂያው ይጓተታል። ኮምፒዩተርም የሥራ ቦታው በሞላበት ጊዜ ከያዘው ከፊሉን ወደ ዲስኩ ይመልሳል፤ በፈለገውም ጊዜ እንደገና ያወጣዋል። ዲስክ ከራም እጅግ የዘገየ በመሆኑ ይህ ምልልስ በመስኮቱ ላይ መንቀርፈፍ ሆኖ ይታያል። ብዙ ማሽን አርጅቷል ተብሎ የሚፈረድበት አውድማው ስለጠበበበት ብቻ ነው። ታዲያ በጎኑ ያለው ባዶ ማስገቢያ አንዲት ተጨማሪ ሰሌዳ ቢያገኝ ያው የተናቀ ማሽን ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል።

የዚህች ሰሌዳ ታሪክም የሚያስደንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲስ የነበረው ሮበርት ዴናርድ እያንዳንዱን የትውስታ ቅንጣት በአንድ ትራንዚስተርና በአንድ ካፓሲተር ብቻ መያዝ እንደሚቻል አሰበ፤ ለዚህም ፈጠራው በ1968 ፓተንት ተሰጠው። በ1970 ኢንቴል የተባለው ኩባንያ 1103 የሚል ቁጥር የሰጠውን ቺፕ ለገበያ አቀረበ፤ ቺፑ 1,024 ቢት ይይዝ ነበር። ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሚሆን ጠቅላላው 128 ባይት ነው። ዛሬ በሰፊው በሚሠራበት ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ በዚህ ልክ ቢሰፈር ያ ቺፕ የሚይዘው 42 ፊደል ነበር ማለት ነው፤ ባለ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ቢይዝ ነው። ዛሬ አነስተኛ ነው የሚባለው የ4 ጊጋባይት ሰሌዳ በዚያው ስፍር ከ1 ቢሊዮን 400 ሚሊዮን በላይ ፊደል ይይዛል።

ነገር ግን ከስፋቱ ይልቅ ለአስተሳሰብ የሚጠቅመው የአሠራሩ ጠባይ ነው። ካፓሲተሩ የቋጠረው የኤሌክትሪክ ኃይል ያለማቋረጥ ያፈስሳል። በመሆኑም ማሽኑ የያዘውን ሁሉ መላልሶ እያነበበ መልሶ ይጽፈዋል፤ በተለመደው የአሠራር ደንብ አንድ ሰከንድ ለ1,000 ቢከፈል፣ ከ64ቱ እጅ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ እያንዳንዱ ረድፍ መታደስ አለበት። ይህ ካልሆነ ይረሳል። እንግዲህ የማሽን ትውስታ አንድ ጊዜ ተቀምጦ የሚኖር ዕቃ ሳይሆን ሳይታክቱ የሚደጋገም ሥራ ሆኖ ይገኛል።

ይህን እውነት የብቸናና የሞጣ አገር ከማናቸውም አገር ቀድሞ ያውቀዋል። በዲማ ጊዮርጊስ፣ በደብረ ወርቅ፣ በመርጡለ ማርያም በተተከሉት ጉባኤ ቤቶች ተማሪው የሚቀበለውን ትምህርት በቃሉ ይይዛል። የያዘውን ቀለም በጎጆው፣ በመንገድ፣ ቁራሽ ሲለምን ሳይቀር ይከልሰዋል፤ ያልከለሰው እንደሚጠፋበት ያውቃልና። የቅኔ ተማሪማ በቃል መያዝ ብቻ አይበቃውም። ሰዋስዉንና አገባቡን በልቡ እንደ አውድማ ዘርግቶ፣ ከሰው ተለይቶ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ትናንት ያልነበረ አዲስ ነገር ዛሬ ይዞ በመምህሩ ፊት ይቀርባል። የተነገረለት ቅኔ ዋጋው ትናንት የተባለውን በመድገሙ አይመዘንም፤ የያዘውን ትምህርት መሥሪያ ቦታ በማድረጉ ይመዘናል። ትውስታ የሚሠሩበት ስፍራ እንጂ የሚያከማቹበት ብቻ አለመሆኑን የጎጃም መምህራን ኮምፒዩተር ከመታሰቡ አስቀድመው ያስተምሩ ነበር። አማርኛም ራም የተባለውን ነገር ማኅደረ ትውስታ ብሎ በጠራው ጊዜ ቃሉን የወሰደው ከዚሁ ዓለም ነው፤ ማኅደር ዳዊት የሚከተትበትና በትከሻ የሚነገት የቆዳ ከረጢት ነውና። ማኅደሩን ያነገተ ሰው ክፍቶ ማንበብ ካልቻለ ተሸካሚ እንጂ ባለ መጽሐፍ አይባልም።

ወደ ተግባሩ ስንመለስ፣ ማኅደረ ትውስታን በገዛ እጅ መጨመር ከባድ ሥራ አይደለም፤ የሚጠይቀው ግን ጥንቃቄና ዕውቀት አለ። በቅድሚያ ማሽኑ ይዘጋል፤ የኤሌክትሪክ ገመዱም ከግድግዳው ይነቀላል። ከዚያ በኋላ የቀረው ኃይል እንዲወጣ የማስነሻው ቁልፍ ጥቂት ጊዜ ተጭኖ ይያዛል። የሣጥኑ ጎን ከተከፈተ ወዲያ ሠራተኛው እጁን ባልተቀባው ብረት ላይ አሳርፎ በሰውነቱ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ያስወግዳል። በበጋው ደረቅ አየር ከሱፍና ከናይለን ልብስ የሚነሣው ኤሌክትሪክ፣ ሰው ንዝረቱን እንኳ ሳይሰማው፣ ቺፑን ሊያቃጥል ይችላልና። ሰሌዳው በጠርዙ እንጂ በጥርሶቹ አይያዝም። በማስገቢያው ጫፍና ጫፍ ያሉት መቆለፊያዎች ይከፈታሉ፤ በሰሌዳው ላይ ያለው ክፍተት በማስገቢያው ካለው ጉብታ ጋር ይገጠማል፤ ሁለቱም ጫፍ እኩል ተጭኖ መቆለፊያዎቹ ራሳቸው ቀጭ ብለው ሲዘጉ ሥራው ተፈጸመ ማለት ነው።

በዚህ አጭር ሥራ ውስጥ አንድ ታላቅ ትምህርት አለ። ዲ.ዲ.አር. 2 እና ዲ.ዲ.አር. 3 የሚባሉት ሁለት የሰሌዳ ዓይነቶች ሁለቱም 240 ጥርስ አላቸው፤ ርዝመታቸውም አንድ ነው። ክፍተታቸው ያለው ግን በተለያየ ስፍራ ነው፤ የሚፈልጉትም የኤሌክትሪክ ኃይል ልዩ ነው፤ አንደኛው 1.8 ቮልት፣ ሁለተኛው 1.5 ቮልት። ይህን ሳያውቅ አልገባ ያለውን ሰሌዳ በጉልበት የሚጫን ሰው ሰሌዳውንም ማስገቢያውንም ይሰብራል። እንደዚሁም በ32 ቢት ሥርዐት የሚሠራ ኮምፒዩተር አድራሻ ሰጥቶ ሊጠራው የሚችለው ቦታ በተለመደው አሠራር ከ4 ጊጋባይት አያልፍም፤ ይህን ሳያጣራ 8 ጊጋባይት የገዛ ሰው ገንዘቡን ጥሏል። ስለዚህ ድፍረት ብቻውን ባለ እጅ አያደርግም። እጅ ከመዘርጋቱ በፊት ዐይን ማየት፣ ዐይን ከማየቱ በፊት አእምሮ መጠየቅ ይኖርበታል።

እንግዲህ ይህን ይዘን አንድ ሁኔታ እንመልከት። በአንድ የገጠር ከተማ ትምህርት ቤት አሥር ኮምፒዩተሮች አሉ እንበል። ስድስቱ ከመዘግየታቸው የተነሣ ለትምህርት አልሆን ብለው ከግድግዳ ሥር ተደርድረዋል። የቀሩትን አራቱን ተማሪዎች በመጋፋት ይጠቀሙባቸዋል። አንድ መምህር ከስድስቱ የሁለቱን ማኅደር አውጥቶ ለሌሎቹ ሁለቱ ቢጨምር ከቆሙት ውስጥ ሁለት ማሽኖች ለሥራ እንደሚበቁ ተረድቷል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ማሽን በንብረት ክፍል መዝገብ ላይ በቁጥሩ ሰፍሯል፤ በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል፤ በሞዴል 22 ወጪ ተደርጎ በአንድ ሰው ስም ተፈርሞበታል። መምህሩ ሣጥኑን ቢከፍትና ማሽኑ ቢበላሽ የሚጠየቀው እርሱ ነው። ሳይከፍተው ቢቀርና ማሽኑ በአቧራ ቢያልቅ ግን ማንም አይጠየቅም፤ ዓመቱ ሲሞላ ቆጣሪው መጥቶ አሥር ኮምፒዩተር ብሎ ይጽፋል፤ ቁጥሩም ልክ ይሆናል።

የጉዳዩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬው ሰው። አባባሉ ለአንደበት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሳይናገር የቀረ ሰው በነገር አይያዝም። ለንብረት ግን አይሠራም። ዝም የተባለ ንብረት ይነቅዛል። ጎተራ ውስጥ የተረሳ እህል እንደሚነቅዝ ሁሉ፣ ያልተነካ ማሽንም በአቧራ፣ በእርጥበትና ከሁሉ በላይ በጊዜ ይበላል፤ ዛሬ ሊሻሻል የሚችለው ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚስማማው ሰሌዳ ከገበያ ይጠፋበታል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ጥፋት አለ። አንዱ የድፍረት ጥፋት ነው፤ ይታያል፣ ቀን አለው፣ ፈጻሚ አለው። ሁለተኛው የቸልታ ጥፋት ነው፤ አይታይም፣ ቀን የለውም፣ በብዙ ሰው መካከል ተከፋፍሎ ማንም ሳይሸከመው ይቀራል። የንብረት መዝገብ የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ኅሊና ግን ከመዝገብ አርቆ ካላየ ኅሊና መባሉ ለምንድን ነው? በሁለተኛው ጥፋት የሚጎዱት እነማን እንደሆኑ ከተጠየቀ መልሱ ግልጽ ነው። የመዝገቡ ቁጥር ልክ ሆኖ ሳለ ጣታቸው የኮምፒዩተር ቁልፍ ሳይነካ ትምህርት የሚጨርሱ ልጆች ናቸው።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አቃልሎ ማለፍ አይገባም። የሕዝብ ንብረት ጥበቃ ያስፈልገዋል፤ ሁሉም እንዳሻው የሚፈታታው ከሆነ ነገ የሚገኘው ባዶ ሣጥን ነው ይባላል። እውነት ነው። በማሻሻል ስም የወጣ ሰሌዳ ወደ ገበያ ሊሄድ ይችላል። በኮምፒዩተር ውስጥ ያለው የኃይል ማከፋፈያ ሣጥን ደግሞ ገመዱ ከተነቀለም በኋላ አደገኛ ኃይል ቋጥሮ ሊቆይ ስለሚችል ላልሠለጠነ ሰው የሚከፈት አይደለም። ጥበቃው የተፈጠረው ከአጉል ጥርጣሬ ብቻ አይደለም፤ ሰዎች ካዩት ጉዳት የመነጨ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በችኮላ የተከፈተ ማሽንም በችኮላ ይዘጋል፤ ዳግመኛም ላይነሣ ይችላል።

ነገር ግን ከዚህ ተቃውሞ የሚከተለው የመክፈት ክልከላ አይደለም፤ የአከፋፈት ሥርዐት ነው። ጥበቃ ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ ዕቃው ከቦታው እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው፤ ሌላው ዕቃው ከአገልግሎቱ እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው። በሬውን የሚጠብቅ እረኛ በሬው እንዳይሰረቅ ብቻ በጋጣ ዘግቶ ቢያውለው ጠበቀ አይባልም፤ በረኃብ ገደለው እንጂ። እንዲሁም የንብረት ኃላፊው ማሽኑን ከመስኮትና ከበር ብቻ ሳይሆን ከከንቱነትም የመጠበቅ አደራ አለበት። መምህሩ በበኩሉ ሌሊት ብቻውን ገብቶ ቢከፍት፣ ልቡ ቀና ቢሆንም፣ ሥራው ከሌባ ሥራ በውጭ መልኩ አይለይም፤ ዕውቀቱም ከእርሱ ጋር ተቀብሮ ይቀራል። በቀን፣ በኃላፊው ፈቃድ፣ በምስክር ፊት፣ የወጣውና የገባው ሰሌዳ ተጽፎ፣ ተማሪዎቹ በዙሪያው ቆመው ቢከፍት ግን ሥራው ሌላ ይሆናል። ያኔ አንድ ማሽን ከመጠገኑም በላይ የፍርሃት ልማድ ይሰበራል። ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱ የታየና የተመዘገበ ስለሚሆን ሌላው ይማርበታል። በገዛ እጅ መሥራት ማለት በብቸኝነት መሥራት ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ለመሆኑ ይህ ካቻቢቴ የመያዝ ፍርሃት ከየት መጣ? ከመዝገብ ብቻ የመነጨ አይደለም፤ ሥሩ ከዚያ ይልቃል። ከላይ የተጠቀሰው ገበሬ መሣሪያውን ሁሉ ራሱ ይሠራል ቢባልም አንድ የማይሠራው ነገር ነበረ፤ ማረሻው ነው። ብረቱን በከሰል አግሎ፣ በመዶሻ ቀጥቅጦ ስለት የሚያወጣለት ሌላ ሰው ነበር። ይህም ሰው ባለ እጅ ይባል ነበር። ቃሉ በራሱ የክብር ቃል ነው፤ እጅ ያለው፣ የእጁ ጌታ የሆነ ማለት ነው። ኅብረተሰቡ ግን ይህን የክብር ቃል ስድብ አደረገው። ማረሻውን ተቀብሎ አረሰበት፤ እህሉን አምርቶ በላ፤ ማረሻውን የሠራለትን ሰው ግን ቡዳ ነው ብሎ ከማዕዱ አራቀው፤ ልጁን ለልጁ ነፈገ። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ የማይሠሩለት ቤት አልነበረም፤ በክብር የሚገቡበት ቤት ግን ጥቂት ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። አዋጅ መውጣቱ ራሱ የነገሩን ስፋት ያሳያል፤ የሌለ በደል በዐዋጅ አይከለከልምና። ንቀቱም በአዋጅ ብቻ ነቅሎ የሚወጣ አልነበረም፤ ርዝራዡ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም።

ይህ ንቀት መልኩን ለውጦ ወደ ጽሕፈት ቤት ገባ። ተማርኩ የሚል ሰው እጁን ከዘይትና ከአቧራ ማራቅን የትምህርቱ ምልክት አደረገው። ብሎን መፍታት የሌላ ሰው ሥራ ሆነ፤ ያ ሌላ ሰው ከሌለ ደግሞ የማንም ሥራ አልሆነም። ፍርሃቱና ንቀቱ እንዲህ ተጋቡ፤ ሰውየው ለምን አትከፍተውም ሲባል እንዳይበላሽ ፈርቼ ነው ይላል፤ በልቡ ግን የእኔ ሥራ አይደለም የሚል አሮጌ ድምፅ አለ። የአባቱ ዘመን ሰው ባለ እጁን ንቆ ማረሻው ሲዶለዱም ደጁን ይጠና እንደ ነበረው ሁሉ፣ ይህም ሰው የጥገና ሠራተኛውን ከበታቹ እየቆጠረ ማሽኑ በቆመ ቁጥር ደጁን ይጠናል። መናቅና ጥገኛ መሆን ሁለት ነገሮች ይመስላሉ እንጂ የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው።

ይሁን እንጂ በዚያው በጎጃም ምድር ሌላም ቅርስ አለ፤ ይህም ሊዘነጋ አይገባውም። የብራና መጽሐፍ የሚጽፈው ሊቅ ቆዳውን ራሱ ወጥሮ ይፍቅ ነበር፤ ቀለሙን ራሱ በጥብጦ ያዘጋጅ ነበር፤ ብርዑን ራሱ ይቀርጽ ነበር፤ ጥራዙን ራሱ ይሰፋ ነበር። በእርሱ ዘንድ ዕውቀትና እጅ አልተለያዩም። የሚጽፈውን ነገር ትርጉም የሚያውቀው ሰው የሚጽፍበትንም ነገር ጠባይ ያውቅ ነበር፤ ብራናው የት እንደሚሳሳ፣ ቀለሙ መቼ እንደሚደበዝዝ ይረዳ ነበር። እንግዲህ የተማረ ሰው መሣሪያውን አይከፍትም የሚለው ልማድ የአባቶች ልማድ ነው ብሎ መከላከል አያዋጣም። ከአባቶች ልማድ የሚመረጠውን መርጦ መውሰድ የኛ ዘመን ሰው ተግባር ነው።

የግዕዝ ፊደል ወደ ኮምፒዩተር የገባበት ታሪክም ይህንኑ ያረጋግጣል። ማሽኑ ከውጭ ሲመጣ የተዘጋጀው ለላቲን ፊደል ነበር። ለአንድ ቅርጸ ፊደል የተመደበው ስፍራ 256 ሲሆን፣ የግዕዝ ፊደላት ከነእርባታቸው፣ ከነአኀዛቸውና ከነሥርዐተ ነጥባቸው ከዚያ ይበልጣሉ። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች እስኪያስቡበት ቢጠበቅ ኖሮ አማርኛ ምን ያህል ዘመን ከደጅ በቆመ ነበር! እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዶክተር አበራ ሞላን፣ አቶ ፍስሐ አጥላውንና ሌሎችን የመሳሰሉ ኢትዮጵያውያን ግን የማሽኑን አሠራር መርምረው ፊደሉን አስገቡት። ባለሙያዎች አንዱን ፊደል ከቁርጥራጭ የገጣጠሙበት፣ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ቅርጸ ፊደል የከፋፈሉበት ጊዜ ነበር። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈው በሌላው ስለማይነበብ ብዙ ችግር ተፈጠረ። ቢሆንም ይህ ድካም መንገድ ጠረገ፤ በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝ ፊደልን ለ345 ምልክቶች ቋሚ አድራሻ ሰጥቶ ተቀበለው። ፊደሉ ዛሬ በኪስ ስልክ ላይ ሳይቀር የሚነበበው አስቀድመው ማሽኑን የኔም ነው ብለው የመረመሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ያኔም ስሕተት ነበረ፤ ያለ ስሕተት ግን ዩኒኮድ ላይ አይደረስም ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ ጥያቄው የሉማሜ ወይም የኢትዮጵያ ብቻ አለመሆኑን መገንዘብ ያሻል። ማሽኖቹ በሚሠሩበት አገር ሣጥኑ ከዓመት ወደ ዓመት ይበልጥ እየተዘጋ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2012 አፕል ያወጣው ሬቲና ማክቡክ ፕሮ ማኅደረ ትውስታው ከዋናው ሰሌዳ ጋር በብየዳ የተያያዘ ነበር፤ ገዢው ከጊዜ በኋላ ሊጨምርበት አይችልም። ለዚህ የሚሰጥ ምክንያት አለ፤ ማሽኑ ይሳሳል፣ ይቀላል። ውጤቱ ግን ገዢው በመግዣው ቀን የመረጠውን እስከ መጨረሻው ይዞ እንዲኖር፣ ወይም ሌላ እንዲገዛ መገደዱ ነው። ይህ አካሄድ በዚያም ተቃውሞ አስነሥቷል። የኒው ዮርክ ግዛት በ2022 መጨረሻ፣ የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 የመጠገን መብትን የሚመለከቱ ሕጎች አውጥተዋል። እንግዲህ በዚያ ሰዎች የተበየደውን ለማስፈታት ሲታገሉ፣ በዚህ በኩል በብሎን ብቻ የታሰረውን ሳይከፍቱ መቀመጥ እንዴት ያለ ነገር ነው? ሌላው በሕግ የተነፈገውን በክርክር ሲያስመልስ፣ ማንም ያልነፈገውን በገዛ ፍርሃት መንፈግ ከሁሉ የከፋ ድህነት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ድምዳሜ ሁሉም ሰው የኮምፒዩተር ጠጋኝ ይሁን የሚል አይደለም። ቀጥቃጭነት ሙያ እንደሆነ ሁሉ ጥገናም ሙያ ነው፤ ክብርም ክፍያም ይገባዋል። ገበሬው ሞፈሩን ራሱ እየጠረበ ማረሻውን ለባለ ሙያ እንደሚሰጥ፣ የኮምፒዩተር ተጠቃሚም ለእጁ የቀረበውን ራሱ ሠርቶ ከዐቅሙ በላይ የሆነውን ለባለሙያ ቢሰጥ ተገቢ ነው። የኃይል ማከፋፈያውን ለሚያውቀው ይተው፤ የማኅደሩን ሰሌዳ ግን ለምን አይነካ? የሁለቱን ወሰን የሚያውቅ ሰው፣ እርሱ ባለቤት ይባላል። ወሰኑን የማያውቅ ግን ወይ ሁሉን ሲፈራ ይኖራል፣ ወይ ሁሉን ሲሰብር።

በዚህ ረገድ የየበኩል ድርሻ አለ። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሊሻሻል ሲል የተበላሸን ዕቃና ተዘግቶ የበሰበሰን ዕቃ በእኩል ዐይን መርምሮ መጠየቅን መልመድ አለበት፤ የመጀመሪያውን ብቻ የሚቀጣ ኃላፊ ሁለተኛውን እየሸለመ መሆኑን ይወቅ። መምህር የኮምፒዩተርን ትምህርት በቁልፍ መደብደብ ብቻ ሳይወስን አንድ ቀን ሣጥኑን ከፍቶ ለተማሪዎቹ ቢያሳይ፣ ዓመት ሙሉ በሰሌዳ ላይ ከሚሥለው ሥዕል ይልቅ ይህ በልባቸው ይቀራል። የኪነ ጥበብ ሰው ደግሞ ባለ እጅ የሚለውን ቃል ከስድብነት አውጥቶ ወደ ጥንተ ትርጉሙ የመመለስ ሥራ ይጠብቀዋል፤ ቃልን ከውርደት ማንሣት የእርሱ ሙያ ነውና። በጽሑፉና በመድረኩ ላይ እጁ ዘይት የነካው ሰው ሲቀርብ እንደ መሳቂያ ሳይሆን እንደ አዋቂ ይቅረብ።

የንብረት መዝገብም ቢሆን ሊሻሻል የሚችል ነገር ነው። ዛሬ የዕቃው ዓይነት፣ ቁጥሩ፣ ዋጋውና የተረካቢው ፊርማ ይሰፍርበታል። ከእነዚህ ጎን አንዲት ዓምድ ብትጨመር፣ ይህ ዕቃ መቼ ተከፈተ፣ ምን ተጨመረበት፣ ሲከፈትስ እነማን ቆመው ተማሩ የሚል ቢጻፍባት፣ ቆጣሪው በዓመቱ መጨረሻ አሥር ኮምፒዩተር ብሎ ብቻ አይሄድም። ከአሥሩ ስንቱ እንደሚሠራና ስንት ሰው እንደሚያውቃቸውም ይቆጥራል።